ሽፋን የሌለው መጽሐፍ

ልብስ ሰፊው በሕይወቱ አንድ ኮት አበላሽቶ አያውቅም። ይህን የሚናገረው ራሱ ልብስ ሰፊው ነው፤ ነገር ግን በቀን አሥር ጊዜ ስለሚናገረው ሰፈሩ መከራከር ታክቶት አምኖ ተቀብሎታል። ከመንገድ ማዶ የሚያልፈውን ሰው በአንድ ዓይኑ አይቶ የወገቡን ልክ ይናገራል። ስህተት ከተገኘም ጥፋቱ የሰውየው ነው፤ በመሃል ምሳ በልቶ ይሆናል። የስፌት መኪናው ሲነሳ የጎረቤት ብርጭቆዎች መደርደሪያቸው ላይ እየተንጫጩ ቦታ ይቀያየራሉ። መቀሱን ካነሳ ደግሞ ጨርቁ ገና ሳይነካ በፍርሃት ነው የሚሰነጠቀው።

ከዚህ ሁሉ ችሎታው ግን ልቡ በእውነት የሚኮራው በአንድ ነገር ብቻ ነበር። እሱን ደግሞ ለማንም ትንፍሽ ማለት አይችልም።

ከሥራ ቤቱ መጋረጃ በስተጀርባ አንድ ክፍል አለ። ረጅም የመተኮሻ ጠረጴዛ፣ ጭንቅላት የሌለው የልብስ መስቀያ ምስል፣ እርስ በርሳቸው የማይተዋወቁ የሚመስሉ አምስት ወንበሮች። ቅዳሜ ከሰዓት የመንገዱ በር ይዘጋና እዚያ ክፍል ውስጥ "የነገ ሰዎች ማኅበር" ይሰበሰባል። ስለ ጠፈር፣ ስለ ሮቦት፣ ገና ስላልመጣ ዘመን የሚያወራ መጽሐፍ ወይም ፊልም ወይም ተከታታይ ድራማ የወደደ አባል፣ ተራው ሲደርስ ለሌሎቹ ይተርክላቸዋል። ማኅበሩ በገነነበት ዘመን አባላቱ ሃያ ደርሰው ነበር፤ እርግጥ ሃያኛው የረሳውን ጃንጥላ ሊወስድ የገባ ሰው ነው። አሁን የቀሩት አምስት ናቸው።

ሊቀመንበሯ ጡረታ የወጡ አዋላጅ ናቸው፤ ሁሉም እትዬ ይሏቸዋል። የከተማውን ግማሽ ያዋለዱ ሰው ስለሆኑ፣ የሌላ ዓለም ፍጡር እንዴት እንደሚወለድ ሳይጽፍ የሚያልፍ ደራሲ ለእሳቸው ሰነፍ ነው። የጥርስ ሐኪሙ የሮቦት ፊልም ይወዳል፤ ሲተርክ የፊልሙን ሙዚቃ ልክ እንደ መቦርቦሪያው በጥርሱ መሃል ያዜማል። የሂሳብ መምህሯ ቲቸር፣ ማንኛዋም መርከብ ነዳጇን ሳትናገር ከፊቷ እንድትነሳ አትፈቅድም። አምስተኛው የሬዲዮ ጣቢያ ቴክኒሻን ነው፤ ቅጽል ስሙ ጆሮ። ሌሎቹ ሲተርኩ ድምፁን የሚሠራው እሱ ነው፤ የሞተር ጉርምርምታ በጉሮሮው፣ የመርከብ በር ደግሞ በእንፋሎት ካውያው፦ "ፕሽሽሽ!" ጆሮ የልብስ ሰፊው ሚዜም ነበር። በሠርጉ ዕለት ቀለበቱን በኪሱ ይዞ የዋለው እሱ ነው።

ማኅበሩ ሦስት ሕግ አለው። ሰው የወደደው ነገር አይሳቅበትም። መጨረሻ አይወራም፤ ማወቅ የፈለገ ራሱ አንብቦ ወይም አይቶ ይድረስበት። ሦስተኛውና ከብረት የጠነከረው፣ ማንም የራሱን ድርሰት ይዞ አይመጣም። ይህ ሕግ የወጣው አንድ የባንክ ሠራተኛ ማርስ ላይ ስለሚኖሩ ተናጋሪ ፍየሎች የጻፈውን ስምንት መቶ ገጽ ለሰባት ቅዳሜ ካነበበላቸው በኋላ ነው። በስምንተኛው ቅዳሜ ከእሱና ከፍየሎቹ በቀር የመጣ አልነበረም።

እንግዲህ የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት፣ ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል የልብስ ሰፊው ተራ ደረሰ። አራት መቶ ዩኒፎርም ሲሰፋ ከርሞ አንድ ገጽ አላነበበም፤ አንድ ፊልም አላየም። "አልተዘጋጀሁም" የሚል ቃል ደግሞ በአፉ አልፎ አያውቅም። ጉሮሮውን ጠረገና፣

"አንድ ደንበኛ ካፖርቱን ለጥገና ትቶት ነበር" አለ። "ረጅም ሰው ነው፤ በግራ እግሩ ያነክሳል። ኪሱ ውስጥ መጽሐፍ አገኘሁ። ሽፋን የለው፣ የደራሲ ስም የለው። በሁለት ቀን ጨረስኩት። በሦስተኛው ቀን ሰውየው መጥቶ ካፖርቱንም መጽሐፉንም ይዞ እብስ አለ።"

ከዚያ ቀጠለ፤ ከየት እንደሚመጣለት እሱም አያውቅም። አሥር ሺህ ሰው አስተኝታ ወደ ሌላ ፀሐይ የምትጓዝ መርከብ አለች። ንቁ ሆኖ የሚኖረው አንድ ጠጋኝ ብቻ ነው፤ የተኙትን ሰዎች የመኝታ ልብስ ይጠግናል፤ ልብሱ ከተቀደደ የተኛው ይሞታልና። ጠጋኙ አርባ ዓመት ብቻውን መርፌና ክር ይዞ ሲዞር ኖሮ፣ አንድ ቀን አንዱን ልብስ ባዶውን ያገኘዋል። ስፌቱ ከውስጥ ተፈትቷል። መርከቧ ውስጥ ሌላ የነቃ ሰው አለ።

ቲቸር ነዳጁን መጠየቅ ረሳች። እትዬ ከወንበራቸው ጫፍ ላይ ሊወድቁ ደርሰው፣ "ማን ነው?" አሉ። "ማን ነው የነቃው?"

"መጨረሻ አይወራም፣ እትዬ" አለ ልብስ ሰፊው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ተራው በደረሰ ቁጥር አንድ ምዕራፍ እየጨመረ አሥራ አንድ ዓመት አስኬደው። ምዕራፎቹን የሚጽፈው በደንበኞች ልክ መመዝገቢያ ደብተር ላይ ነው፤ ልኩ ከፊት፣ ታሪኩ ከኋላ። አንዱ ሲሞላ ሌላ ይገዛል። ሰው ቢያየው እንኳ ልክ ነው ብሎ ያልፈዋል። እትዬ በበኩላቸው መጽሐፉን ሲፈልጉ ኖሩ። አሮጌ መጽሐፍ የሚሸጥበት ቦታ ሁሉ ይሄዳሉ፤ የጠየቁትን ሰው በአንድ የታጠፈ ወረቀት ላይ ይመዘግባሉ፤ ቅዳሜ ሲመጡ ወረቀቱን እያሳዩ፣ "ስልሳ አራተኛውም የለኝም አለ" ይላሉ። ልብስ ሰፊው ያኔ ካውያውን ያነሳና አንድም ነገር የሌለበትን ጠረጴዛ መተኮስ ይጀምራል።

አንድ ቅዳሜ ጆሮ ትንሽ ሬዲዮ በብብቱ ይዞ መጣ። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ እጁን አፋተገ።

"ዛሬ ተራው የእኔ ነው፤ እኔ ግን ቃል አልተነፍስም። እሱ ይናገር።"

ሬዲዮው ተንኮሻኮሸ። ሙዚቃ መጣ፤ ከዚያ የጆሮ ድምፅ፣ ከጉድጓድ እንደሚወጣ ወፍሮ፦ "ጠጋኙ! ደራሲው ካልታወቀ ጥንታዊ መጽሐፍ የተወሰደ፣ በሦስት ክፍል የሚቀርብ ድራማ። አዘጋጅና ተራኪ..." ቀጥሎ የራሱን ስም እስከ አያቱ ጠራ።

ልብስ ሰፊው አፉ ውስጥ የነበሩትን ሁለት ስፒሎች ሊውጣቸው ነበር። አሥር ሺህ የተኙ ሰዎች። መርፌው። ክሩ። ከውስጥ የተፈታው ስፌት። እሱ ያወራቸው ቃላት ሳይሆኑ የጻፋቸው ቃላት ናቸው፤ ሲያወራ የዘለላቸውን፣ ለራሱ ብቻ ያስቀራቸውን ጭምር ነው ሬዲዮው የሚያነበው።

"ተገኘ!" እትዬ ብድግ ብለው ጆሮን አንገቱን አቀፉት። "ተገኘ፣ ልጄ! የት አገኘኸው?"

"አሮጌ መጽሐፍ ከሚሸጥ ሰው ሳጥን ስር። ወረቀቱ ከመበስበሱ የተነሳ ሲነኩት ዱቄት ይሆናል። ጣቢያው ቆልፎበታል።"

"ሽፋን አለው?"

"የለውም፣ እትዬ" አለ ጆሮ። ይህን ሲል ግን የሚያየው እሳቸውን አልነበረም፤ ልብስ ሰፊውን ነበር።

ሻይ ሲቀዳ ልብስ ሰፊው ሚዜውን ከመጋረጃው ወጣ አድርጎ ጨርቅ ከሚደረደርበት ጥግ አስጠጋው።

"ደብተሬን መቼ አየኸው?"

"የምን ደብተር?"

"አትቀልድብኝ።"

ጆሮ ሻዩን ፉት አለ። "አማትህ ታመው ስትሄድ የሱቁን ቁልፍ ማን ጋ ተውክ? ሦስት ቀን ምን ልሥራ? አነበብኩ። እውነቴን ነው፣ አለቀስኩ። እንዲህ ያለ ነገር ልክ መመዝገቢያ ላይ ይበሰብሳል?"

"አንተ እኮ ሚዜዬ ነህ!"

"ነኛ! ያኔ ቀለበትህን ያዝኩልህ፤ አሁን ምስጢርህን ይዤልሃለሁ። የበሩ ድምፅስ የማን ነው? የእኔ አይደል?" ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ካልክ ግን ተናገር። ማን ከለከለህ? 'አሥራ አንድ ዓመት ዋሽቻችኋለሁ' በላቸው። ከእትዬ ጀምር።"

ከመጋረጃው ወዲያ እትዬ ይስቃሉ። ልብስ ሰፊው አንድ ጥቅል ጨርቅ አውርዶ፣ መልሶ እዚያው ደረደረው።

ያን ሳምንት ለአንድ ነጋዴ ሁለት ቀኝ እጅጌ ያለው ኮት ሰፋ። የልብስ ሰፊው ሚስት ኮቱን ወደ ብርሃን አንስታ አየችው።

"ይህ ሰውዬ ሁለቱንም እጁን ወደ አንድ ወገን ነው የሚሰጠው?"

"አዲስ ፋሽን ነው።"

"ጆሮ ምን አደረገህ?"

"ጆሮን ማን አነሳ?"

"ሬዲዮ በተከፈተ ቁጥር ስፒል የነከስክ ትመስላለህ። እኔ ድሮም ደስ አላለኝም። የሠርጋችንን ፎቶ ተመልከት፤ ሙሽራው እሱ ነው የሚመስለው፣ አንተ መጋረጃ የያዝክለት ነው የምትመስለው።"

እሱ ግን ለእሷም አልነገራትም። ቁልፉን በሚዜው መዳፍ ያስቀመጠበትን ሰዓት ብቻ ያስባል፤ "አደራ" እንኳ አላለውም ነበር። ለሚዜ አደራ አይባልማ።

በሁለተኛው ቅዳሜ ሬዲዮው ከአምስቱ መሃል ተቀመጠ። በድራማው ጠጋኙ የነቃውን ሰው ዱካ ተከትሎ ከመርከቧ ሆድ ውስጥ አንድ የተዘጋ በር ፊት ደርሷል። ልብስ ሰፊው የሚመጣውን በቃሉ ያውቀዋል፤ ጽሑፉ ከኋላ እየመጣ፣ ልኩ ከፊት እየሄደ፣ ደብተሩ መሃል ላይ የተገናኙት እዚያ ነው። "ጠጋኙ በሩ ፊት ቆመ" ብሎ ጽፏል። ወረቀቱን ሲገልጡት "በሩ ተከፈተ" ይላል። በሁለቱ መሃል የታሪኩ አንድም ቃል የለም።

"ጠጋኙ በሩ ፊት ቆመ" አለ የጆሮ ወፍራም ድምፅ። "በሩ ምስጢራዊ ቁጥር ጠየቀው። ጠጋኙም በጣቱ ነካ። አርባ ስምንት! ስልሳ አንድ! መቶ አሥራ አራት!" ፕሽሽሽ። "በሩ ተከፈተ!" ሙዚቃው ፈነዳና ክፍል ሁለት አለቀ።

"ኧረ ቁጥር!" የጥርስ ሐኪሙ ጭኑን መታ። "እንዲያው የሆነ ግርማ ሞገስ አለው።"

ቲቸር እርሳሷን አወጣች። "ትርጉም አለው። ስልሳ አንድ ከአንድና ከራሱ በቀር ለምንም አይካፈልም። የከዋክብት ርቀት ይሆናል።"

ልብስ ሰፊው ሳቅ አመለጠው። ሳቁ ግን እየቆየ ደስ የማይል ሆነ፤ ሁሉም ዞረው አዩት። ከአንገቱ ላይ ሜትሩን አውርዶ ተነሳ። ዝም ቢል ምንም አይጎድልበትም፤ እትዬ መጽሐፍ አግኝተዋል፣ ማኅበሩ ደስ ብሎታል፣ ሌባው ወንበሩ ላይ ተዝናንቶ ተቀምጧል። ያ መዝናናቱ ነው የገደለው።

"ዶክተር፣ እስቲ ይነሱ።"

"እኔ? ለምን?" አለ የጥርስ ሐኪሙ።

"ይነሱ፤ ኮትዎን ያውልቁ። ቲቸር፣ አንቺ አንብቢ።"

ሜትሩን ከትከሻ ትከሻ ዘረጋው። ቲቸር መነጽሯን አስተካክላ፣ "አርባ ስምንት" አለች። እጅጌውን ለካ። "ስልሳ..." ድምጿ ቀነሰ። "ስልሳ አንድ።" ሜትሩ ወደ ወገብ ሲወርድ ዶክተሩ ሆዱን ወደ ውስጥ ሳበ።

"ይተንፍሱ፣ ዶክተር።"

"እየተነፈስኩ ነው።"

"ወደ ውጭ።"

ዶክተሩ ተነፈሰ። ቲቸር ጎንበስ ብላ አየች፤ ደግማ አየች።

"መቶ አሥራ አራት።"

"ስሜን አትጻፍበት ብዬህ ነበር እኮ!" አለ ዶክተሩ ፊቱ በርበሬ መስሎ።

"አልጻፍኩማ። 'ይህን ሆድ ከስሜ አጠገብ አታድርግብኝ' ስላሉኝ ቁጥሩን ብቻ፣ ባዶ ባገኘሁት ቦታ ወረወርኩት።" ደብተሩን ከመሳቢያ አውጥቶ መሃሉን ገለጠና ቲቸር እጅ ላይ አስቀመጠው። "የከዋክብት ርቀት አይደለም። የዶክተር ሆድ ነው። ይህ ሰው ሱቄን ብተውለት ደብተሬን ገለበጠ፤ ታሪክ የትኛው፣ ልክ የትኛው እንደሆነ እንኳ ሳይለይ! ታሪኩ የእኔ ነው። እኔ ነኝ የጻፍኩት። ከመጀመሪያው ቃል ጀምሮ እኔ!"

አሥራ አንድ ዓመት በሆዱ ይዞት የኖረው ኩራት ወጣ። ጭብጨባ የጠበቀ ይመስል ደረቱን ነፍቶ ቆመ።

ጆሮ ወለሉን ያያል። ቲቸር ገጾቹን ትገልጣለች፤ ፊቷ ላይ የመጣው አድናቆት አልነበረም። በመጨረሻ እትዬ ተናገሩ፤ ድምፃቸው ምጥ ላይ ያለች ሴትን እንደሚያረጋጋ ሰው ዝግ ያለ ነበር።

"ካፖርቱስ?"

ልብስ ሰፊው የነፋው ደረት መተንፈስ ጀመረ። "ካፖርት አልነበረም፣ እትዬ።"

"ሰውየውስ? ረጅሙ፣ በግራ እግሩ የሚያነክሰው?"

"እሱም... የለም።"

"እኔ እኮ የሚያነክስ ረጅም ሰው ባየሁ ቁጥር መንገድ ላይ አስቆማለሁ" አሉ እትዬ። "አንዱ ሰድቦኛል።"

ዶክተሩ ኮቱን መልበስ ጀመረ፤ ሁለተኛው እጅጌ አልገኝ አለው።

ጆሮ ቀና አለ። ኀፍረቱ ሲያልፍ እንኳ አልታየም። "እንግዲህ ተነቃቃን። እኔ ሰርቄያለሁ፣ አንተ ዋሽተሃል፤ የአንድ ሳንቲም ሁለት ገጽ ነን። አሁን ወደ ቁም ነገር እንምጣ። ደብተሩ በሩ ተከፈተ ብሎ ያበቃል። ቅዳሜ የመጨረሻው ክፍል ነው፤ ተዋናዮቹ አፋቸውን ከፍተው ይጠብቁኛል። መጨረሻውን ንገረኝና ስምህን አስጠራለሁ። እስከ አያትህ! አገር ምድሩ ይሰማል።"

ስሙ በሬዲዮ። ልብስ ሰፊው ለዚህ ሁለቱንም ቀኝ እጁን በሰጠ ነበር። ነገር ግን ሚዜውን አየ፤ ቁልፉን የተቀበለበትን መዳፍ አየ።

"መጨረሻ አይወራም" አለው።

"ተው እንጂ፣ ወንድሜ።"

"ሕግ ነው። በሩ ያውልህ።"

ጆሮ ሬዲዮውን ጠረጴዛው ላይ እንደተወ መጋረጃውን ገልጦ ወጣ። ቲቸር ደብተሩን ቀስ ብላ አስቀመጠች። "ቆንጆ ነው" አለች፤ "ለዚህ ነው የከፋኝ" ብላ ዶክተሩን ተከትላ ሄደች። እትዬ ብቻ ቀሩ።

"ለእኔስ?" አሉ። "ለእኔም አይወራም? ማን ነበር የነቃው?"

ልብስ ሰፊው ደብተሩን አጠፈ።

"አላውቀውም፣ እትዬ። አስቤው አላውቅም። በተራዬ ቁጥር ነው ያራዘምኩት።"

እትዬ አዩት፤ ሲወለድ አይተውት እንደነበረ፣ አሁን ደግሞ ያ ልጅ ይህ ነው ወይ ብለው እንደሚጠራጠሩ።

"ጆሮ የሰረቀው የአንተን ነው። አንተ ግን የእኔን ቅዳሜዎች ነው የወሰድከው። 'እኔ ያሰብኩት ነው' ብትለኝ ያን ቀን አስወጣህ ነበር?"

"ሕጉ..."

"ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ ልጄ። የወጣው ለፍየሎቹ ነው።"

የታጠፈውን ወረቀት ከቦርሳቸው አውጥተው ካውያው አጠገብ አስቀመጡትና ሄዱ።

በሦስተኛው ቅዳሜ ልብስ ሰፊው አምስቱን ወንበሮች ደረደረ። ማንም አልመጣም። የጆሮን ሬዲዮ ከፈተ። ጠጋኙ በበሩ ገባ፤ ገብቶ ምን እንዳገኘ ሳይነገር ከእንቅልፉ ባነነ፤ ሁሉም ሕልም ነበር። ድራማውን ሲሰማ ከነበረው የጎረቤት ፀጉር ቤት የተነሳው እሪታ ኳስ የተሸነፉ ያስመስላል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ልብስ ሰፊው በዚያ እሪታ ዓመት ሙሉ ሲደሰት ይኖር ነበር። አሁን ሬዲዮውን ዘጋው።

ወረቀቱን ገለጠ። ስልሳ ስምንት ሰዎች፣ በአዋላጅ እጅ፣ እንደ ሕፃናት ክብደት በጥንቃቄ ተመዝግበዋል። ከሁሉ በታች፣ ከሌሎቹ ለየት ባለ ቀለም፣ "ልብስ ሰፊው ሲያረጅ እንዳይረሳው፣ የሚያውቀውን ሁሉ ላስጽፈው" ይላል።

ደብተሩን አውጥቶ "በሩ ተከፈተ" ከሚለው ቀጥሎ እርሳሱን አኖረ። ከበሩ ወዲያ አንዲት አሮጊት ቆማለች ብሎ ጻፈ። አርባ ዓመት ሙሉ የተኙትን ሰዎች ፊት አንድ በአንድ እያየች፣ በግራ እግሩ የሚያነክስ፣ እዚያ መርከብ ላይ ጨርሶ ያልተሳፈረ ሰው ስትፈልግ ነበር። ጠጋኙን ስታየው፣ "አይተኸዋል?" አለችው።

ጠጋኙ ምን ብሎ እንደመለሰላት ግን፣ ብርሃኑ ከመጋረጃው እስኪሸሽ ድረስ ቢቀመጥም አልመጣለትም።